በቨርጂኒያ ጠጥቶ በማሽከርከር ተይዣለሁ፤ ላይሰንሴ ተመልሶልኛል፤ ጠበቃ ያስፈልገኛል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ግሪን ካርድ ካገኘሁ ስድስት ዓመት አለፈኝ፤ የምተዳደረው በኡበር ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ከሰርግ ስመለስ ፖሊስ አስቆመኝ። መንገድ ላይ በትንሽ መሣሪያ አስነፋኝ፤ ከዚያ ጣቢያ ወስዶ በትልቁ ማሽን አስነፋኝና 0.16 ወጣ አሉ። ላይሰንሴን ለ7 ቀን ወስደው አሁን መልሰውልኛል። ጓደኞቼ ‹ከመለሱልህ ነገሩ ቀላል ነው፤ መብትህን ስላላነበቡልህ ይሰረዛል፤ ካልሆነም ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ዳኛውን ይቅርታ ጠይቅ› ይሉኛል። ሜሪላንድ ያለው የአጎቴ ልጅ ደግሞ ‹በ10 ቀን ውስጥ ሂሪንግ ካልጠየቅህ አልቆልሃል› አለኝ። የዜግነት ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ ባለቤቴም አዲስ አበባ ሆና ፕሮሰሷን እየጠበቀች ነው። ጠበቃ ልያዝ ወይስ ገንዘቤን ልቆጥብ?»

መልስ፦ ጠበቃ ይያዙ። አንድ ሳይሆን ሁለት ጠበቃ ያነጋግሩ፤ ሁለቱንም ዳኛ ፊት ቀርበው አንዲት ቃል ከመናገርዎ በፊት። ከጓደኞችዎ ምክር ውስጥ ለእርስዎ ጉዳይ የሚሠራ አንድም የለም። የአጎትዎ ልጅ የነገረዎት እውነት ነው፤ ግን የሌላ ስቴት እውነት ነው።

ከላይሰንሱ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚያ ላይ ነው። በቨርጂኒያ ጠጥቶ በማሽከርከር የተያዘ ሰው ላይሰንሱን የሚያጣባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። የመጀመሪያው እንደተያዙ ወዲያውኑ የሚጀምረው እገዳ ነው። ማሽኑ የሚያሳየው የአልኮል መጠን 0.08 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ጣቢያ ላይ አልነፋም ካሉ፣ ያለ ምንም ክርክር ይታገዳሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለተያዘ 7 ቀን ነው፤ ለሁለተኛ ጊዜ ከሆነ 60 ቀን ወይም የፍርዱ ቀን እስኪደርስ፣ ከሁለቱ ቀድሞ እስከሚመጣው ድረስ ነው። የእርስዎ 7 ቀን አልቋል፤ ስለዚህ መለሱልዎት። ይህ ግን ስለ ጥፋተኝነትዎ የሚናገረው ነገር የለም። ሁለተኛው እገዳ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ካለዎት የሚመጣው ነው፤ እሱ አንድ ዓመት ነው፤ ገና አልተጀመረም። እስከዚያ ድረስ መንዳት ይችላሉ፤ ጠብታ ሳይቀምሱ ግን።

የአጎትዎ ልጅ የነገረዎት የ10 ቀን ጉዳይ የሜሪላንድ ነው። እዚያ የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ፣ ኤምቪኤ የሚባለው፣ ከፍርድ ቤቱ ተለይቶ የራሱን ሂሪንግ ያደርጋል፤ በ10 ቀን ውስጥ ያልጠየቀ ሰው ሂሪንጉ እስኪደርስ ድረስ እየነዳ የመቆየት ዕድሉን ያጣል። ቨርጂኒያ እንዲህ ያለ ሂሪንግ የላትም። የ7 ቀኑን እገዳ መቃወም የሚፈልግ የሚያመለክተው ለዲኤምቪ፣ ማለትም ለቨርጂኒያ የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት፣ ሳይሆን ክሱን ለሚያየው ፍርድ ቤት፣ ለጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት ነው፤ ሰባቱ ቀን ካለፈ በኋላ ደግሞ የሚቃወሙት ነገር የለም። ስለዚህ ቀጠሮ አመለጠኝ ብለው አይሸበሩ። ድልድዩን ተሻግሮ በሚኖር ዘመድ ምክር የሚሄድ ሰው ግን በተገላቢጦሽም ሊጎዳ ይችላል፤ የሜሪላንድ ነዋሪ የቨርጂኒያ ጓደኛውን ሰምቶ ዝም ቢል 10 ቀኑ ያልፍበታል። ዲሲም የራሷ ሕግ አላት። በአንድ አካባቢ ሦስት ሕግ መኖሩን ሁሌም አይርሱ።

«መብትህን አላነበቡልህም» የሚለው ከፊልም የመጣ ነው። ፖሊስ ሚራንዳ የሚባለውን ማስጠንቀቂያ የማንበብ ግዴታ የሚኖርበት በቁጥጥር ሥር ያዋለውን ሰው ሲጠይቅ ነው። መንገድ ዳር አስቁሞ «ከየት ነው የመጣኸው? ጠጥተሃል?» ማለት በቁጥጥር ሥር አውሎ እንደመጠየቅ እንደማይቆጠር የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1984 ወስኗል። ካቴና ካጠለቁልዎት በኋላ ሳያነቡልዎ «ስንት ብርጭቆ ጠጣህ?» ብለው ከሆነ፣ ጠበቃዎ ያቺ መልስ ከማስረጃ እንድትወጣ ሊጠይቅ ይችላል። የምትወጣው ግን መልሷ ብቻ ናት። የማሽኑ ቁጥር፣ ቪዲዮውና ፖሊሱ በዓይኑ ያየው ሁሉ ይቀራል፤ ክሱም እንዲሁ።

ከዚሁ ጋር የሚነሳ ሌላ ምክር አለ፦ «አልነፋም ማለት ነበረብህ» የሚል። ይህ ግማሹ እውነት፣ ግማሹ አደገኛ ነው። መንገድ ላይ የሚቀርበውን ትንሽ የእጅ መሣሪያ አልነፋም ማለት በቨርጂኒያ መብት ነው፤ ቢነፋም ውጤቱ በፍርዱ ላይ ጥፋተኛነትን ለማስረዳት አይቀርብም። ቀጥ ብለህ ተራመድ፣ በአንድ እግር ቁም የሚባለውንም አላደርግም ማለት ይቻላል። ጣቢያ ያለው ማሽን ግን ሌላ ነው። በቨርጂኒያ መንገድ ላይ መኪና የያዘ ሰው በሕግ ለዚያ ምርመራ አስቀድሞ እንደተስማማ ይቆጠራል፤ ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ካለ ለመጀመሪያ ጊዜም ቢሆን ለብቻው የአንድ ዓመት እገዳ ያስከትልበታል። እርስዎ ነፍተዋል፤ እምቢ የማለት ክስ የለብዎትም። በዚህ በኩል አልተጎዱም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። 0.16 ነው የጉዳይዎ እምብርት። በቨርጂኒያ የመጀመሪያ ዲዩአይ፣ ማለትም ጠጥቶ የማሽከርከር ጥፋት፣ ክላስ 1 ሚስዲሚነር የሚባል ወንጀል ነው፤ የትራፊክ ቲኬት አይደለም። ጣሪያው 12 ወር እስርና 2,500 ዶላር ቅጣት ነው፤ ወለሉ 250 ዶላር ነው፤ በላዩ የአንድ ዓመት የላይሰንስ እገዳ አለ። ከ0.15 በታች የሆነ ሰው በሕግ የግድ የሚታሰርበት ቀን የለም። ከ0.15 እስከ 0.20 ያለው ግን ቢያንስ 5 ቀን ይታሰራል፤ ከ0.20 በላይ ከሆነ 10 ቀን። ይህ ዳኛው ቢያዝንልዎትም ሊያነሳው የማይችለው ግዴታ ነው።

ስለዚህ «ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ይቅርታ ጠይቅ» ማለት፣ በእርስዎ ቁጥር፣ «አምስት ቀን ታስረህ ና» ማለት ነው። እኛ ዘንድ ጥፋትን አምኖ አንገት መድፋት ያስከብራል፤ ሽማግሌ ፊት ይሠራል። ዳኛው ግን የሚፈርደው በወረቀቱ ላይ ባለው ክስ ነው፤ ምሕረት የማድረግ ሥልጣኑ በ0.15 መስመር ላይ ያበቃል። መስመሩን ማንቀሳቀስ የሚችለው የማስረጃው ድክመት ወይም ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ለማሻሻል መስማማቱ ነው። ሁለቱም የጠበቃ ሥራ ናቸው። በነገራችን ላይ «ክትፎ በልቼበታለሁ፣ ቡናም ጠጥቼበታለሁ» የሚለውን ለዳኛው እንዳያነሱት። ምግብ አልኮሉ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል እንጂ የገባውን አያወጣም፤ ቡናም የነቃ ሰካራም ነው የሚያደርገው። የሰርግ ጠጅ ደግሞ የባሰ ነው፤ ጥንካሬው ከቤት ቤት ይለያያል፤ ብርሌው ሳይጎድል ስለሚሞላም ስንት እንደጠጣ በትክክል የሚናገር ሰው አላጋጠመኝም።

ጠበቃው ምንድን ነው የሚያየው? መጀመሪያ ፖሊሱ ያስቆመዎት በምን ምክንያት እንደሆነ። መስመር ስተዋል? መብራት ጠፍቶ ነበር? ያለ ምክንያት ያስቆመ ከሆነ ከዚያ በኋላ የተገኘው ሁሉ ሊወድቅ ይችላል። ቀጥሎ የመንገድ ላይ ፈተናዎቹን ያያል፦ ብዕር በዓይን መከተል፣ ዘጠኝ እርምጃ ሄዶ ዞሮ መመለስ፣ በአንድ እግር መቆም። መመሪያው የተነገረዎት በፍጥነት በሚነገር እንግሊዝኛ ከሆነና ቪዲዮው ላይ ግራ ሲጋቡ ከታየ፣ ያ የስካር ምልክት ሳይሆን የቋንቋ ችግር መሆኑን ማስረዳት ይቻላል። ጫማዎ፣ የመንገዱ ተዳፋትነት፣ የጉልበት ሕመም ካለብዎት እሱም ይቆጠራል።

ከዚያ ማሽኑ አለ። ከመንፋትዎ በፊት ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ፖሊሱ ሊከታተልዎት ይገባል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያገሳ፣ ያስታወከ ወይም አፉ ውስጥ ነገር ያስገባ ሰው ውጤቱ ከፍ ሊልበት ስለሚችል ነው። ማሽኑ ራሱ ባለፉት 6 ወራት ውስጥ ተፈትሾ ትክክለኛነቱ የተረጋገጠ መሆን አለበት። 0.16 እና 0.15 አጠገብ ለአጠገብ ናቸው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ጥርጣሬ መፍጠር ከተቻለ ለዐቃቤ ሕጉ «የ0.15ቱን ነገር ተውልን» ለማለት መደራደሪያ ይሆናል። ያ ቢሳካ ጥፋተኛ ተብለውም የግድ የሚባለው እስር ይቀራል። የፖሊሱ የደረት ካሜራና የመኪናው ቪዲዮ ለዘላለም አይቀመጥም፤ ቶሎ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልተጠየቀ ሊጠፋ ይችላል። ጠበቃ የማግኛው ጊዜ አሁን ነው ያልኩት አንድም ለዚህ ነው።

ወሰኑን ግን ልንገርዎ። ጥሩ ጠበቃ ያለው ሰውም አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ክስ ንጹሕ ሆኖ አይወጣም። ቪዲዮው ጥሩ ከሆነ፣ ማሽኑ የተስተካከለ ከሆነ፣ ፖሊሱ ቀርቦ ከመሰከረ፣ ቅጣቱን ማቅለል ነው የሚቀረው። «አስጥልልሃለሁ» ብሎ ቃል የሚገባ ጠበቃ ካጋጠመዎት ቢሮውን ለቀው ይውጡ። አንዳንድ ጊዜ ዐቃቤ ሕግ ክሱን «በግዴለሽነት ማሽከርከር» ወደሚባለው ዝቅ ያደርጋል፤ በ0.16 ግን ይህ በቀላሉ አይገኝም፤ የማስረጃ ቀዳዳ ይፈልጋል።

የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ጁሪ የለውም፤ ዳኛው ብቻውን ይወስናል። የተፈረደበት ሰው በ10 ቀን ውስጥ ወደ ሰርኪት ኮርት ይግባኝ ማለት ይችላል፤ እዚያ ጉዳዩ ከዜሮ ይጀመራል፤ ጁሪም መጠየቅ ይቻላል። 10 ቀኑ የቀን መቁጠሪያ 10 ቀን ነው፤ ቅዳሜና እሑድም ይቆጠራሉ። ይግባኙ አደጋም አለው፤ ሁለተኛው ፍርድ ከመጀመሪያው ሊከብድ ይችላል። ለጠበቃ ሲከፍሉ ክፍያው ይግባኙን ይጨምር እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ አይጨምርም።

ጥፋተኛ ከተባሉ ስለ ላይሰንስዎ የሚሆነው ይህ ነው። ለአንድ ዓመት ይታገዳል። ዳኛው ግን ለሥራ፣ ለሕክምና፣ ለትምህርት፣ ልጅ ለማድረስና ለመሳሰሉት ብቻ የሚያገለግል የተገደበ ፈቃድ ሊሰጥዎት ይችላል። በ15 ቀን ውስጥ ቫሳፕ በሚባለው የአልኮል ትምህርት ፕሮግራም መመዝገብ አለብዎት። መኪናዎ ላይ ቢያንስ ለ6 ወር ኢንተርሎክ ይገጠማል፤ ሳይነፉበት ሞተሩ የማይነሳ መሣሪያ ነው፤ እየነዱም መሐል ላይ ያስነፋዎታል፤ ከ0.02 በላይ ካገኘ አያስነሳም፤ ሁሉንም መዝግቦ ይልካል። ቁጥሩ ከ0.15 በታች ለሆነ የመጀመሪያ ጥፋተኛ ደግሞ ጥሩ መንገድ አለ፤ ሌላ የሰዓትና የቦታ ገደብ ቀርቶ ኢንተርሎክ ያለው መኪና መንዳት ብቻ ግዴታ እንዲሆንለት መጠየቅ ይችላል። ያቺ የ0.15 መስመር እዚህም ተመልሳ መጣች።

ኢንሹራንስ ሌላው ሸክም ነው። በቨርጂኒያ በዲዩአይ የተፈረደበት ሰው ኤፍአር-44 የሚባል ማረጋገጫ ለሦስት ዓመት ማቅረብ አለበት፤ ይህም ከተራው አሽከርካሪ ዝቅተኛ ሽፋን እጥፍ የሆነ ኢንሹራንስ መግዛት ማለት ነው። አንዳንድ ኩባንያ ጭራሽ ይሰርዛል። ጥፋተኛ ከመባልዎ በፊት ለኢንሹራንስ ደላላዎ ሮጠው የሚነግሩበት ምክንያት የለም፤ ከተፈረደ በኋላ ግን ሽፋኑ አንድ ቀን እንኳ እንዳይቋረጥ ይጠንቀቁ።

ስለ ኡበሩ ግልጹን ልንገርዎ፤ ኑሮዎ የቆመው በእሱ ነውና። የተገደበው ፈቃድ በሕግ ደረጃ ለሥራ መንዳትን ሊፈቅድ ይችላል። ኩባንያዎቹ ግን ባለፉት 7 ዓመታት ውስጥ በዲዩአይ የተፈረደበትን ሰው አያሠሩም። ስለዚህ ለኡበርና ለሊፍት ጥያቄው ላይሰንሱ መቼ ይመለሳል የሚለው አይደለም፤ ጥፋተኛ መባል አለመባልዎ ነው። ከተፈረደ፣ ሌላ ሥራ ማሰብ አለብዎት፤ ከፍርዱ ቀን በፊት ቢጀምሩ ይሻላል። «ኡበሩ ካልሆነ ትራክ እነዳለሁ» ብለው ካሰቡ ደግሞ ይጠብቁ። ሲዲኤል፣ ማለትም የትልቅ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ የያዘ ሰው በግል መኪናውም ቢሆን በዲዩአይ ከተፈረደበት ለአንድ ዓመት ትልቅ መኪና ከመንዳት ይታገዳል፤ ሁለተኛ ከደገመ ለዕድሜ ልክ ነው። የተገደበው ፈቃድም ትልቅ መኪና አያስነዳም። በወንድም ወይም በጓደኛ አካውንት መሥራት የሚባለውን አያስቡት። አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ አይከፍልም፤ ነገሩም ወደ ማጭበርበር ይሄዳል፤ ማጭበርበር ለግሪን ካርድ ከዲዩአይ በጣም የከፋ ነው።

በእገዳው ጊዜ «እዚህ ቅርብ ነው» ብሎ መንዳትም እንዲሁ። በዲዩአይ ታግዶ ሳለ የነዳ፣ ወይም የተገደበ ፈቃዱን ከተፈቀደለት ሰዓት ውጭ የተጠቀመ ሰው አዲስ ክላስ 1 ሚስዲሚነር ይጨመርበታል፤ ላይሰንሱም እንደገና ይታገዳል። ከመጀመሪያው ክስ በደህና ወጥተው በዚህኛው እስር ቤት የገቡ ብዙዎች ናቸው።

ኢሚግሬሽኑ ደግሞ ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚያስፈልገው ነው። ሰው ባልተጎዳበት፣ ሌላ ክስ ባልተጨመረበት አንድ ተራ ዲዩአይ ብቻ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከሀገር የሚባረርበት ምክንያት ሆኖ በሕጉ አልተቀመጠም። በ2004 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ በፍሎሪዳ ጠጥቶ ነድቶ ሰው ያቆሰለ ሄይቲያዊ ጉዳይ ላይ፣ ያ ጥፋት ለማባረር የሚያበቃ የኃይል ወንጀል አይደለም ብሎ በሙሉ ድምፅ ወስኗል። ይህ ማለት ግን ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። በ2025 ዲዩአይን ራሱን የማባረሪያ ምክንያት የሚያደርግ ረቂቅ በተወካዮች ምክር ቤት ድምፅ አግኝቶ አልፏል። ስለዚህ ከአምስት ዓመት በፊት እንዲህ ዓይነት ጉዳይ የጨረሰ ጓደኛዎ የነገረዎት ዛሬ ላይሠራ ይችላል፤ ጠበቃው የዛሬውን ሕግ አይቶ ይንገርዎ።

ለእርስዎ የቀረበው ስጋት ዜግነቱ ነው። ዜግነት የሚጠይቅ ሰው ላለፉት አምስት ዓመታት መልካም ጠባይ እንደነበረው ማሳየት አለበት። አንድ ዲዩአይ ብቻውን በሩን አይዘጋም፤ መርማሪው ግን ይመዝነዋል። ሁለት ከሆነ ግን፣ በ2019 በተወሰነው መሠረት፣ መልካም ጠባይ እንደሌለዎት ይገመታል፤ ያንን ግምት ማፍረስ የእርስዎ ሸክም ይሆናል። ሌላም ደንብ አለ፤ ሰዎች አያውቁትም፦ በፕሮቤሽን ላይ ያለ ወይም የታገደ ፍርድ ጊዜው ያላለቀለት ሰው ማመልከቻ አይጸድቅም። ቨርጂኒያ ውስጥ ዳኛ «30 ቀን እስር፣ 25ቱ ታግዷል፣ ለአንድ ዓመት በመልካም ጠባይ» ማለቱ የተለመደ ነው። ያ አንድ ዓመት እስኪያልቅ ማመልከቻዎ አያልፍም። የወንጀል ጠበቃዎ ይህን ካወቀ የፕሮቤሽኑ ጊዜ እንዲያጥር ሊከራከርልዎ ይችላል፤ ካላወቀ ማንም አይከራከርም።

ኢንተርቪው ላይ ስለ መያዝዎ ይጠየቃሉ፤ ማመልከቻውን ያስገቡት ከመያዝዎ በፊት ቢሆንም እውነቱን ይናገሩ። ፖሊስ የሚወስደው የጣት አሻራ ለፌዴራል መንግሥትም ይደርሳል፤ የሚደበቅ ነገር የለም። መያዙ ሳይሆን መዋሸቱ ነው ነገሩን የሚያበላሸው። ማመልከቻውን መቀጠል፣ ማዘግየት ወይም መሳብ የሚሻለው የትኛው እንደሆነ የኢሚግሬሽን ጠበቃው ይወስን፤ ይህ በሁለት መስመር የሚመለስ ጥያቄ አይደለም።

የባለቤትዎ ጉዳይ በቀጥታ አይነካም፤ በዲዩአይ የተከሰሰ ሰው ሚስቱን ለማምጣት አይከለከልም። በተዘዋዋሪ ግን ሁለት ነገር አለ። ዜግነትዎ ከዘገየ የእርሷም ፕሮሰስ በግሪን ካርድ ባለቤት ሚስት ወረፋ ላይ ይቆያል። የኡበር ገቢዎ ከተቋረጠ ደግሞ ለቪዛዋ የሚያቀርቡት የገቢ ማረጋገጫ ከሚፈለገው፣ ማለትም ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 125 በመቶ፣ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ያኔ ሌላ ዋስ ማፈላለግ ሊኖርብዎ ነው።

ይህን የሚያነቡ ሌሎችም አሉና፣ ከእርስዎ የተለየ ሁኔታ ላላቸው ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በቪዛ ላይ ያለ፣ ለምሳሌ ተማሪ፣ ገና ሳይፈረድበት በመያዙ ብቻ ቪዛው ሊሰረዝ ይችላል፤ ከሀገር ከወጣ እንደገና ጠይቆ የሐኪም ምርመራ ሊታዘዝበት ነው። ቲፒኤስ የሚባለው ጊዜያዊ የመቆያ ጥበቃ ያለው ደግሞ ሁለት ሚስዲሚነር ከጥበቃው ያስወጡታል።

መኪናው ውስጥ ምን እንደነበረም ጠበቃው ይጠይቅዎታል፤ አይፈሩት፣ ይንገሩት። ጫት ከተገኘ ነገሩ ሌላ ነው። ሐረር ላይ የገበያ ዕቃ ይሁን እንጂ ትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ የተመደበ ነው። በአደንዛዥ ዕፅ መፈረድ፣ አንድ ጊዜም ቢሆን፣ ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ሊያስባርር ይችላል። «ዲዩአዩን እንተውልህ፣ የዕፁን ብቻ እመን» የሚል ድርድር ቢቀርብ ለአሜሪካ ተወላጅ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ለእርስዎ ወጥመድ ነው። ልጅ መኪናው ውስጥ ከነበረም እንዲሁ፤ ተጨማሪ 5 ቀን የግዴታ እስር አለው፤ ልጅን ለአደጋ ማጋለጥ የሚል ክስ ከተጨመረ ደግሞ እሱ ራሱን ችሎ የማባረሪያ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ሁለት ጠበቃ ያልኩት ለዚህ ነው። የወንጀሉ ጠበቃ በአሌክሳንድሪያ ወይም በዙሪያዋ ፍርድ ቤቶች ዘወትር ዲዩአይ የሚይዝ ሰው ይሁን፤ የኢሚግሬሽን ጉዳይዎን የጨረሰልዎት የሚያምኑት ጠበቃ ካለ ለዚህ አይሆንም፤ ለኢሚግሬሽኑ ምክር ግን ወደ እሱ ይመለሱ። በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወንጀል ጠበቃ ለውጭ ዜጋ ደንበኛው የመባረር አደጋ እንዳለ የመንገር ግዴታ አለበት ብሎ ወስኗል። ብዙዎቹ ግን «የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክር» ብለው ያልፋሉ፤ ካመኑ በኋላ ደግሞ ፍርዱን ማስነሳት እጅግ ከባድ ነው። የኢሚግሬሽን ጠበቃው የትኛውን ክስ ማመን እንደሚቻል፣ የትኛውን እንደማይቻል በጽሑፍ ለወንጀል ጠበቃዎ ይላክለት። የአንድ ጊዜ የምክር ክፍያ ነው፤ ገንዘብ ቆጥበው እዚህ ላይ አይቆጥቡ።

ከፍሎ መቅጠር የማይችል ሰው የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ ለዳኛው የገቢውን ሁኔታ ይግለጽ፤ አሌክሳንድሪያ የመንግሥት ተከላካይ ጠበቆች ቢሮ አላት፤ ፐብሊክ ዲፌንደር የሚባሉት። ገቢው ዝቅተኛ መሆን አለበት፤ ጥፋተኛ ከተባለም ክፍያው ከፍርድ ቤት ወጪ ጋር ይጠየቃል። እነዚህ ጠበቆች ሥራ ይበዛባቸዋል እንጂ ፍርድ ቤቱን እንደ ቤታቸው ያውቁታል፤ «ነጻ ስለሆነ አይረባም» የሚለውን አይስሙ። ነጻ የሕግ አገልግሎት የሚሰጡት ድርጅቶች ግን ባመዛኙ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ብቻ ነው የሚይዙት፤ እዚያ በመመላለስ ቀን አያቃጥሉ። ታክስ የሚሠራልዎት፣ ፎርም የሚሞላልዎት ወይም «ኮርቱን አውቀዋለሁ» የሚል ሰው ጠበቃ አይደለም። የቨርጂኒያ ጠበቆች ማኅበር ድረ ገጽ ላይ ስሙን ፈልገው ፈቃድ እንዳለውና ተቀጥቶ እንደሆነ ማየት ይችላሉ። አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ የተወሰነ ዋጋ ይጠይቁ፤ ውሉን በጽሑፍ ይያዙ።

አስተርጓሚም ይጠይቁ። በወንጀል ጉዳይ ፍርድ ቤቱ ያለ ክፍያ ያቀርባል፤ የአማርኛ አስተርጓሚ ግን በየቀኑ ስለማይኖር ለጸሐፊው ቢሮ አስቀድመው ያሳውቁ። እንግሊዝኛዎ ለኡበር መንገደኛ ይበቃ ይሆናል፤ የዳኛን ጥያቄ በትክክል ሳይረዱ «የስ» ማለት ግን መዘዙ ብዙ ነው። ወንድም፣ ሚስት፣ ልጅ አያስተረጉሙልዎትም።

እስከ ቀጠሮው ድረስ ስለዚያ ሌሊት ከጠበቃዎ በቀር ለማንም አይናገሩ፤ በመልእክትም፣ በፌስቡክም፣ በቲክቶክም። ዛሬ ማታ ቁጭ ብለው የሚያስታውሱትን ሁሉ በአማርኛ ይጻፉ፦ ስንት ሰዓት መጠጣት እንዳቆሙ፣ የት እንዳስቆመዎት፣ ምን እንዳለዎት፣ ጣቢያ ከደረሱ በኋላ ከመንፋትዎ በፊት ምን ያህል እንደቆዩ፣ አግስተው ወይም አስታውከው እንደሆነ። ለአዲስ አበባ ትኬት ቆርጠው ከሆነ ከቀጠሮው ጋር እንዳይጋጭ ያረጋግጡ። ያልቀረበ ሰው የመያዣ ትእዛዝ ይወጣበታል፤ ያ ደግሞ ሲመለሱ ኤርፖርት ላይ ይጠብቅዎታል። ክሱ ሳያልቅ መጓዝ ይሻላል አይሻልም የሚለውን የኢሚግሬሽን ጠበቃው ይንገርዎት፤ ለእኔ ግን ባይሄዱ ይመረጣል።

ቀጠሮው ቀርቦ ጠበቃ ካላገኙ፣ በሰዓቱ ቀርበው ዳኛውን «ጠበቃ ለመያዝ ጊዜ ይሰጠኝ» ይበሉት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀዳል። በዚያ ቀን ዐቃቤ ሕጉ ኮሪደር ላይ «ዛሬ እንጨርሰው» ብሎ ወረቀት ቢያቀርብልዎትም አይፈርሙ።